ማዘጋጃ ቤቶቹ በአማርኛ እንዲናገሩ፦ የድጋፍ ጥሪ

ማዘጋጃ ቤት ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ወረፋ፣ ማኅተምና «ነገ ተመለስ» ነው። ስለዚህ ለጉብኝት ወጥቶ «እስቲ ማዘጋጃ ቤቱን ልይ» የሚል ሰው ብርቅ ነው። ካቴድራሉንና ቤተ መንግሥቱን ሲያዳርስ ይውልና በአደባባዩ ማዶ የቆመውን የሰዓት ማማ በስልኩ አንስቶ ያልፋል። እኛ ደግሞ በሩን ገፋ አድርጉና ግቡ ነው የምንለው።

የጣሊያኗን ሲዬና እንውሰድ። አምብሮጂዮ ሎሬንዜቲ የተባለው ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1338 እና በ1339 የከተማዋ ዘጠኝ ሹማምንት በሚሰበሰቡበት የማዘጋጃ ቤቱ ክፍል ግድግዳ ላይ መልካም አስተዳደርንና ክፉ አስተዳደርን ከነውጤታቸው ሣለ። በአንዱ በኩል ገበያው ደርቷል፣ ግንበኞች ጣሪያ ላይ ይሠራሉ፣ መንገድ ላይ ይጨፈራል። በሌላው ቀንድ ያበቀለ አምባገነን ዙፋኑን ይዟል፤ ፍትሕ ታስራ ከእግሩ ሥር ወድቃለች። ሹማምንቱ ሲከራከሩ ቀና ባሉ ቁጥር የሚያዩት ይህንን ነበር። የስብሰባ አዳራሽ ጌጥ እንዲህ ነው እንጂ!

ማዘጋጃ ቤቶችን በአማርኛ የመተረክ ሥራችን የተጀመረው ግን በአንድ አሳፋሪ ከሰዓት በኋላ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ዝነኛ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ከእናቴ ጋር ነበርኩ። ጆሮ ላይ የሚደረገው መሣሪያ ብዙ ቋንቋ ይናገራል፤ የእሷን አይናገርም። እያንሾካሾክሁ ላስተረጉምላት ሞከርኩ። ግማሹን ተሳሳትኩ፣ ግማሹን ዘለልኩ። ስንወጣ «ቤቱ ደስ ይላል፤ ግን ምን እንደሆነ አልገባኝም» አለችኝ።

እና ከጥቂት ጓደኞች ጋር ሆነን የታሪካዊ ማዘጋጃ ቤቶችን ታሪክ በአማርኛ ጽፈንና ቀርጸን ማንም ተጓዥ በስልኩ በነጻ እንዲሰማው ለማድረግ ተነሣን። የምንጽፈው የማማ ከፍታ አይደለም። የብራሰልሱ 96 ሜትር ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ያ ማማ በ1695 የፈረንሳይ መድፍ ዙሪያውን ያለውን ሰፈር ሲያወድመው እንዴት ቆሞ እንደቀረ መተረክ ግን ጊዜ ይፈልጋል። የፓሪሱም እንዲሁ ነው፦ በ1871 ከተማዋን ይዞ በነበረው የአብዮተኞች አስተዳደር፣ በኮሙኑ፣ መጨረሻ ቀናት ሲቃጠል የነዋሪዎችን የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ይዞ ነደደ። ዛሬ የምናየው ከዚያ በኋላ በቀድሞው መልክ እንደገና የተገነባው ነው።

አንዳንዶቹ ዕጣቸው ተቀይሯል። ዛሬ በአምስተርዳም ቤተ መንግሥት የሚባለው ሕንጻ በ1655 የተመረቀው ለማዘጋጃ ቤትነት ነበር። 13,659 የእንጨት ምሰሶ ረግረጉ ውስጥ ተተክሎ ያቆመው ቤት ነው። በ1808 የናፖሊዮን ወንድም ሉዊ ቦናፓርት ወደደውና ገባበት። የስቶክሆልሙ «ሰማያዊ አዳራሽ» ደግሞ ሰማያዊ አይደለም፤ የኖቤል ሽልማት ግብዣ የሚደረግበት ይህ አዳራሽ ቀለም ሊቀባ ታስቦ፣ አርክቴክቱ ራግናር ኦስትበርግ የጡቡ ውበት አሳስቶት ተወው፤ ስሙ ግን ቀረ። በኬፕታውኑ ማዘጋጃ ቤት ሰገነት ሥር የቆመ መንገደኛ፣ ኔልሰን ማንዴላ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1990 ከ27 ዓመት እስር በወጡበት ዕለት ለሕዝቡ የተናገሩት ከዚያ ላይ መሆኑን ካላወቀ ያየው ድንጋይ ብቻ ነው።

እነዚህ ቤቶች በአብዛኛው ከነጋዴውና ከባለእጁ በተሰበሰበ ገንዘብ የተሠሩ ናቸው። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው በድንጋይ ሲሠራ ማለት ነው። እኛም በዚያው መንገድ ነው የምንለምነው። ጸሐፊዎቻችን በነጻ ይሠራሉ። ክፍያ የሚጠይቁት ስቱዲዮው፣ አራሚውና ድምፁን የምናስቀምጥበት ቦታ ናቸው። ተራኪዎቹንም ልንከፍላቸው ወስነናል፤ «ለበጎ ሥራ ነው» እየተባለ የሰው ድምፅ በነጻ መውሰድ ያሳፍራል። መዋጮው በጋራ ሂሳባችን ይገባል፤ ገቢና ወጪውን የሰጠ ሁሉ በየወሩ ያየዋል። ትንሽ ነው ብሎ የሚያፍር አይኑር፤ በየወሩ የሚገባ ጥቂት፣ አንድ ጊዜ ከሚሰጥ ብዙ ይልቅ ሥራችንን ለማቀድ ይረዳናል።

ገንዘብ የሌላችሁ መረጃ አላችሁ። ብዙዎቹ ሕንጻዎች ዛሬም መሥሪያ ቤት ናቸው፤ ምክር ቤት ሲቀመጥ ወይም ሠርግ ሲኖር በሩ ይዘጋል፣ አንዳንዱ ያለ አስጎብኚ አያስገባም። በቅርቡ የገባችሁበት ካለ ደረጃው ስንት እንደሆነ፣ አሳንሰር መኖሩን፣ አዛውንት የሚያርፉበት ወንበር የቱ ጋ እንዳለ ጻፉልን። ይህን መጽሐፍ ውስጥ አናገኘውም።

ቀረጻው የሚጀምረው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሕንጻዎች ወጪ እንደተሟላ ነው። ሲዬና ትቀድማለች፤ ጽሑፉ አልቆ ተራኪ እየጠበቀ ነው። እናቴም እየጠበቀች ነው።