ችቦ የሚጥለው ነፋስ ብቻ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የጥር ሠርግ ሊደርስ ነው። ላንጋኖ ዳር የሚደግሱ ሰዎች ለምሽቱ የቀርከሃ ችቦ በአሸዋው ላይ መደርደር ይወዳሉ። ያምራል። ነገር ግን እራት ሳይነሳ ግማሹ ይዘማል፤ ሁለት ሦስቱም ወድቀው ላምባቸውን አሸዋው ላይ ይደፋሉ። ሁሉም ነፋሱን ይረግማል እንጂ አተካከሉን የሚጠይቅ የለም።

ደረቅ አሸዋ እርስ በርሱ አይያያዝም። ዘንጉ በነፋስ አንድ ጣት ያህል ሲያጋድል ከጀርባው ቀጭን ክፍተት ይከፈታል፤ አሸዋውም ወዲያው ፈስሶ ይሞላዋል። ነፋሱ ጋብ ብሎ ዘንጉ ልመለስ ሲል ቦታው ተይዟል። በየውዝዋዜው እንዲህ ጥቂት በጥቂት እየተጋደለ ይሄዳል። ቀና አድርጎ በእግር መርገጥ ለሩብ ሰዓት ቢያቆመው ነው። ዙሪያውን ድንጋይ መከመርም አያድንም፤ ድንጋዩ ራሱ የተቀመጠው በዚያው በሚንሸራተት አሸዋ ላይ ነው። ለፎቶ ከሆነ ግን ይከመር።

የሚያዋጣው ጥልቀት ነው። 20 ሳንቲ ሜትር የገባ ዘንግ 40 እንዲገባ ቢደረግ የሚቋቋመው ግፊት በእጥፍ ብቻ አያድግም፤ ስድስት ሰባት እጥፍ ይሆናል። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር አሸዋው በላዩ ባለው ክብደት ይታመቃል፤ ዘንጉን የሚይዘው ርዝመትም ይጨምራል። ከመሬት በላይ 1 ሜትር ተኩል ለሚቆም ችቦ 60 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ቀርከሃውን በመዶሻ እየመቱ ይህን ያህል ማስገባት ግን አይቻልም፤ ይሰነጠቃል፣ አናቱ ላይ ያለው የላምባ ቆርቆሮም ይላቀቃል። ስለዚህ አስቀድሞ የሚተከለው የብረት ቧንቧ ነው፤ ችቦው በኋላ ይሰካበታል።

ቧንቧው 80 ሳንቲ ሜትር ይቆረጥ፤ ውፍረቱ ችቦው ሳይታገል የሚገባበት ይሁን። የታችኛውን ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል በመዶሻ ጨፍልቆ እንደ ሽብልቅ ማሾል ግድ ነው፤ አለበለዚያ ሲመታ አሸዋ ይሞላበትና ችቦው መግቢያ ያጣል። ከአፉ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቀዳዳ ተበስቶ አንድ ቡሎን ይተላለፍበት፤ ዘንጉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ሲመታ አፉ እንዳይጣመም ጣውላ ደርቦ መምታት፣ 60ው ገብቶ 20ው ሲቀር ማቆም። በዘንጉና በቧንቧው መካከል ክፍተት ከቀረ የውስጥ ጎማ ቁራጭ ይጠቅለልበት። ከዚያ አምስት ሊትር ያህል ውሃ ዙሪያውን አፍስሶ በደንብ መርገጥ ነው። እርጥብ አሸዋ በፍሬዎቹ መካከል ባለችው ጥቂት ውሃ ይያያዛል። ላዩ በፀሐይ ቶሎ ስለሚደርቅ ችቦው ከመለኮሱ አንድ ሰዓት በፊት ውሃው ይደገም። ሲበዛ ግን ይጎዳል፤ በውሃ የተሞላ አሸዋ ሲነቃነቅ እንደ ገንፎ ይለሰልሳል። ለዚህም ነው ከሐይቁ አፋፍ አጠገብ መትከል የማይበጀው። አንድ ጉድጓድ 40 ሳንቲ ሜትር ቆፍሮ ውሃ ካቆረ ወደ ኋላ መሸሽ ይሻላል።

ቧንቧ ያጣ ብዙ ጊዜ ፌሮ ሰክቶ ችቦውን በሽቦ ያስርበታል። ፌሮ ብረቱ ጠንካራ ቢሆንም ቀጭን ስለሆነ አሸዋውን እንደ ቢላ ይሰነጥቀዋል። ግዴታ ከሆነ 1 ሜትር ከ20 ይቆረጥና ግማሹ ይቀበር፤ ከአሸዋው ወለል 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ፊቱ ወደ ነፋሱ ዞሮ ይታሰርበትና አብሮ ይቀበር። ሽቦው ሁለት ቦታ፣ በ40 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይሁን፤ አንድ ቦታ የታሰረ ችቦ ይዞራል።

መቆፈር በማይፈቀድበት ቦታ 20 ሊትር ባልዲ ይበቃል። አሸዋ ሲሞላ ከ30 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ባልዲው በቀላሉ አይገለበጥም። የሚላላው ውስጡ ያለው ዘንግ ነው፤ አሸዋው እየረጠበ፣ በየአንድ ስንዝሩ እየተጠቀጠቀ ይሞላ።

ላምባ የሚሞላው ችቦው ቆሞ ከተፈተነ በኋላ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፤ አናቱን ይዞ ወዲያና ወዲህ አሥር ጊዜ አንድ ስንዝር ያህል መግፋት። እግሩ ሥር አፉ የሰፋ ጉድጓድ ከተከፈተ እንደገና ይተከል። ቆርቆሮው ከሦስት አራተኛ በላይ አይሞላ፤ ሲወዛወዝ ይፈስሳል። ቤንዚን በጭራሽ! የጠፋውም ሳይበርድ ላምባ አይጨመርበት። ከድንኳንና ከሣር ክዳን ጎጆ ቢያንስ ሦስት ሜትር ይራቅ፤ ነፋሱ ወደ ጎጆው የሚነፍስ ከሆነ እዚያ በኩል ችቦ ጭራሽ ባይኖር እንመርጣለን። እሳቱ ከላይ ወደ ታች ሲተኛ ከታየ ማጥፋት እንጂ የነፋስ መከለያ መፈለግ አያስፈልግም። በገመድ ወጥሮ ማሰርም አይመከርም፤ በጨለማ እንግዳውን ጠልፎ ይጥላል፣ ችቦውንም አብሮ።

አንድ ጥያቄ ለሐይቅ ዳር ሎጆች አለን። ቧንቧዎቹን ለየደጋሹ ከመተው ራሳችሁ ቋሚ አድርጋችሁ ብትተክሏቸው፣ አፋቸውን ከአሸዋው እኩል አድርጋችሁ ክዳን ብታበጁላቸው ወጪው አንድ ጊዜ ነው። ደጋሹ ተክሎ የሚነቅለው ከሆነ ግን ስንት እንደገባ ተቆጥሮ ያው ቁጥር ይውጣ። በማግስቱ ሕፃናት በባዶ እግራቸው የሚሮጡት እዚያው አሸዋ ላይ ነው።

የድግስ ዝግጅት ባለሙያዎች