አባዬ፣ አንተም እወቅበት

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጁም ደህና ነው። የፊት ጥርሱ ወልቋል። ለአያቴ ላሳየው ብሎ ስልኩ ፊት አፉን ከፍቶ ተራውን ሲጠብቅ ነው እሁድ ዕለት የዘጋኸው።

ለምን እንደዘጋኸው አውቃለሁ። ጉልበትህን ጠየቅኩህ። «ደህና ነው፤ በይ ተሳፋሪ መጣ» አልከኝ። ማታ እማዬ ደወለች። ጉልበትህ አብጦ ማጎንበስ ስላቃተህ የጫማህን ማሰሪያ ያሰረችልህ እሷ ናት። በዚያው እግር ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስተህ ኤርፖርት ሄድክ። በ71 ዓመትህ።

በስልክ ልናገር ብል ታቋርጠኛለህ። ስለዚህ እጽፍልሃለሁ። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህ፤ ታክሲው ውስጥ፣ በደረሰኝ ጀርባ ላይ። የተሳሳትኩት ካለ እንደ ድሮው በቀይ አርመህ ላክልኝ። ግን መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንብበው።

የማወራህ ስለ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቿ ስለ ሱ በርድ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ታስታውሳለህ? በፈረንጆቹ 2002 ሰመር ላይ ነበር። የሲያትሉ አዳራሽ፣ ኪ አሬና በር ላይ ያወረድከው ሰውዬ፣ ጓደኞቹ ቀርተውበት ኖሮ፣ ከጉርሻው ጋር ሁለት ትኬት ሰጠህ። የምን ጨዋታ እንደሆነ እንኳ ሳታይ ከቤት መጥተህ ወሰድከኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በሩ ላይ ስንደርስ «የሴቶች ነው እንዴ?» አልክ። ጣሪያው ሥር ተቀመጥን። ከዚያ ላይ ሰዎቹ ጉንዳን ያክላሉ።

እኔ ዓይኔ አውስትራሊያዊቷ ላውረን ጃክሰን ላይ ነበር። ረጅም ናት፤ ነጥቡንም የምታስቆጥረው እሷ ናት። አንተ ግን ዕረፍት ሳይደርስ ትከሻዬን ነካ አደረግከኝ። «ያቺን 10 ቁጥር እያት» አልከኝ። «ሹፌር ናት። ሌሎቹ ተሳፋሪ ናቸው። መንገዱን የምታውቀው እሷ ናት።»

ከዚያ በኋላ ስለ ፖይንት ጋርድ፣ ጨዋታውን ስለምትመራዋ ተጫዋች፣ ብዙ አንብቤያለሁ፣ ብዙ አሰልጣኝ ሲያስረዳም ሰምቻለሁ። ካንተ የተሻለ ያስረዳኝ የለም። ኳሷን ከኋላ ይዛ ትመጣለች። በጣቷ ምልክት ትሰጣለች። አንዷን ወደ ጥግ ትልካለች፣ ሌላዋን ወደ ቅርጫቱ ትጠራለች። ዓይኗ ግራ ነው፣ ኳሷ ቀኝ ትሄዳለች። ኳሷ እዚያ ስትደርስ ጓደኛዋም እኩል ትደርሳለች። አንድ ሰው ገና ሊሮጥ ሲያስብ ወዴት እንደሚሮጥ አውቃ ጨርሳለች።

ከደረት ኪስህ የደረሰኝ ጥራዝህን አወጣህ። ለነጥብ የሆነ ኳስ አመቻችታ ባቀበለች ቁጥር አንድ ጭረት። አራት ጭረት ቁልቁል፣ አምስተኛው አግድም። ደሴ ሒሳብ ስታስተምር የቆየ ልማድህ መሰለኝ። ምን እንደምትቆጥር ስጠይቅህ «የሚያስገባውን ሰሌዳው ይቆጥርለታል። የሚያቀብለውን ማን ይቆጥርለታል?» አልከኝ። ሊጉም እንደሚቆጥር ያወቅነው በኋላ ነው። እሷ መጫወት ስታቆም ድምሩ 3,234 ደረሰ። በአሜሪካ የሴቶች ሊግ፣ በደብልዩ ኤን ቢ ኤ ታሪክ እስከዚያ ቀን ማንም ያን ያህል አልደረሰም። አንድ ገጽ አሁንም እኔ ጋ አለ። ጀርባው የተሳፋሪ ሒሳብ ነው፣ ፊቱ ጭረት።

ከዚያ በኋላማ ቤተሰብ ሆነች። ከኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ፣ ቡድኖቹ አዲስ ተጫዋች በሚመርጡበት በ2002ቱ ምርጫ አንደኛ ሆና ወደ ሲያትል ስቶርም መጣች፤ እስክታቆም ከዚያ ቡድን ንቅንቅ አላለችም። 19 የውድድር ዘመን ተጫወተች። በ2004፣ በ2010፣ በ2018 እና በ2020 አራት ዋንጫ በላች። አንተን የገረመህ ግን ዋንጫው አልነበረም። ክረምት ላይ የት እንደምትሄድ የሰማህ ቀን ነው የገረመህ።

የኛ ሊግ የሚጫወተው በሰመር ብቻ ነው፤ ክፍያውም ያኔ ትንሽ ነበር። ስለዚህ እዚህ ስትጨርስ ሻንጣዋን ይዛ ሩሲያ ትሄዳለች። ዳይናሞ ሞስኮ፣ ከዚያ ስፓርታክ፣ በኋላ የካተሪንበርግ። እዚያ የሚከፈላት እዚህ ከሚከፈላት በብዙ ይበልጣል። የአውሮፓን የክለቦች ዋንጫም አምስት ጊዜ አነሳች። በአባቷ በኩል አይሁዳዊት ስለሆነች በ2006 የእስራኤል ዜግነት ወሰደች፤ አውሮፓ ለመጫወት ወረቀቱ ነገሩን ያቀልላታል። ይሄን ስነግርህ ቡናህን አስቀመጥክና «ይቺ እንደኛ ናት» አልክ። «ሁለት ሥራ አላት፣ ወረቀትም አሳዳለች።» ያኔ አንተ ቀን ታክሲ ትነዳ ነበር፣ ማታ የመኪና ማቆሚያ ትጠብቅ ነበር። እማዬ እራትህን በሳህን ከድና እያስቀመጠችልህ ነው ያደግነው።

በ2008 የሲያትል ወንዶቹ ቡድን፣ ሶኒክስ፣ ወደ ኦክላሆማ ሲሄዱ የታክሲ ተራው ለቅሶ ቤት መስሎ እንደነበር ትነግረኝ ነበር። ሴቶቹም ሊሄዱ ነበር። የሲያትል ሴቶች ተሰባስበው በ10 ሚሊዮን ዶላር ቡድኑን ገዝተው አስቀሩት። «ወንዶቹ ጥለውን ሄዱ፣ ሴቶቹ ቀሩልን» እያልክ ለተሳፋሪ ሁሉ ታወራ ነበር።

አሁን ወደ ጉልበት ልምጣ።

በአማርኛ ጉልበት ሁለት ነገር ነው። መገጣጠሚያውም ጉልበት ነው፣ ኃይሉም ጉልበት ነው። አንተ ሁለቱን አንድ አድርገሃቸዋል። ጉልበትህን አሳርፍ ስልህ ጉልበት የለህም ያልኩህ ይመስልሃል። አይደለም፣ አባዬ። እንደሱ ብዬ አላውቅም።

ሱ በርድ የጉልበቷ ጅማት የተበጠሰው ኮሌጅ በገባች በመጀመሪያ ዓመቷ ነው፤ ስምንት ጨዋታ ብቻ ተጫውታ። ያ ዓመት አለፋት። በ2013 ለቀዶ ሕክምና ዓመቱን ሙሉ ተቀመጠች። በ2019 እንደገና ዓመቱን ሙሉ ተቀመጠች፤ 38 ዓመቷ ነበር። ያን ጊዜ ኳሷን ይዛ የምትመጣው ወጣቷ ጆርዲን ካናዳ ሆነች። ሱ ደግሞ ወንበር ላይ ሆና አየቻት። ሠላሳውን ካለፈች በኋላ ምግቧንም፣ እንቅልፏንም፣ ልምምዷንም ቀይራ ነበር። በ25 ዓመቷ የምታደርገውን በ35 ላድርግ ብላ ከሰውነቷ ጋር ግብግብ አልገጠመችም።

ከተቀመጠችበት ስትነሳ ምን እንደሠራች ታስታውሳለህ? በ2020፣ በኮሮናው ጊዜ፣ ሁሉም ቡድን ፍሎሪዳ ተዘግቶበት ሲጫወት፣ በፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ 16 ጊዜ ለነጥብ የሆነ ኳስ አቀበለች። በፍጻሜ ያን ያህል ያቀበለ አልነበረም። አርባ ሊሞላት ሁለት ሳምንት ቀርቷት ነበር። አንተ ሶፋ ላይ ሆነህ ስትቆጥር እኔ ቨርጂኒያ ሆኜ በስልክ እሰማህ ነበር። «አሥራ አራት... አሥራ አምስት...» እያልክ። ያን 16 ያመጣው የ2019 ዕረፍት ነው። እኔ እንደዚያ ነው የማምነው።

በነገራችን ላይ በዚያው ዓመት ነው ተጫዋቾቹ አዲስ ውል የተፈራረሙት። ከፍተኛው ደመወዝ ወደ 215,000 ዶላር ወጣ። ከተጫዋቾቹ ማኅበር አመራሮች አንዷ እሷ ነበረች። ለሷ የደረሰው መጨረሻ ላይ ነው። ክረምቱን በሩሲያ ብርድ ካሳለፈች በኋላ፣ ለታናናሾቿ ነው ያመቻቸችው። ይሄም በደረሰኝህ ላይ ጭረት ሊገባለት ይገባል።

የ2018ቱን ደግሞ ልተወው አልችልም። ከፊኒክስ ጋር አምስተኛው ጨዋታ። አፍንጫዋ ተሰብሮ ጭምብል አድርጋ ገባች። 37 ዓመቷ ነው። ካስቆጠረቻቸው 22 ነጥቦች 14ቱን በመጨረሻው ሩብ አስቆጠረች። አቀባይዋ፣ ኳስ ለሰው የምትሰጠዋ፣ ቡድኗ ሲጨንቀው ራሷ አስገባች። አንተ ኤርፖርት ታክሲ ተራ ላይ ከአምስት ሹፌር ጋር አንዲት ስልክ ከባችሁ ታዩ ነበር። ደውዬ የሰማሁት ጩኸት ብቻ ነው። ወረፋህ ደርሶ አልፎህ እንደነበር እማዬ ናት በኋላ የነገረችኝ። በሕይወትህ ተሳፋሪ ያሳለፍከው ያን ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

መጨረሻውን አብረን አየነው። በ2021 ሕዝቡ «አንድ ዓመት ጨምሪ!» ብሎ ጮኸላት። ጨመረች። ያንኑ ዓመት ቶኪዮ ላይ የአገሯን ባንዲራ ይዛ ገብታ፣ ከቡድን ጓደኛዋ ከዲያና ቶራሲ ጋር አምስተኛ የኦሎምፒክ ወርቋን ወሰደች። ከዚያ በ2022 ጁን ላይ «ይሄ የመጨረሻዬ ነው» አለች፤ ራሷ ቀኑን ቆርጣ። ማንም አላባረራትም። ማንም ወንበር ላይ አልረሳትም።

ሴፕቴምበር 6 ከላስ ቬጋስ ጋር የተጫወቱ ጊዜ እኔም በአውሮፕላን መጥቼ ነበር። 97 ለ92 ተሸነፉ። ሰው ግን አልወጣም። «እናመሰግናለን ሱ!» ይላል አዳራሹ። እሷ መሃል ሜዳ ቆማ ታለቅሳለች። አንተም ቆመህ ነበር፣ የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ይዘህ። ጉልበትህ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ተቀመጥ አልኩህ፣ እንቢ አልክ።

መኪና ውስጥ ገብተን ብዙ ደቂቃ ዝም አልክ። ሞተሩን አላስነሳህም። ዝናቡ መስታወቱን ይመታል። ከዚያ አንድ ቃል ብቻ ተናገርክ።

«አወቀችበት።»

አባዬ፣ ይሄን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚያች ቃል ነው። አንተም እወቅበት።

ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ሰጠህ። ሁለቱንም ሰረዝክ። «ከቆምኩ እወድቃለሁ» ትለኛለህ። «ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ልቆጥር?» ትለኛለህ። ፍርሃትህ ይገባኛል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሌሊቱ ጀምረህ ስትነዳ የኖርክ ሰው ነህ። ወንድሜ መሐንዲስ የሆነው በዚያ መሪ ነው። የኔ ትምህርት የተከፈለው በዚያ መሪ ነው። ከሚሽኑን፣ ቤንዚኑን፣ ጎማውን ከፍለህ የተረፈችህን ሌሊት ኩሽና ውስጥ ስትቆጥር አይቼሃለሁ። ደሴም ልከሃል፤ ለእህትህ፣ ለእህትህ ልጆች። ያን ሁሉ ማንም በጭረት አልያዘልህም። እኔ ይዤዋለሁ።

አሁን ኳሷን ለኛ ስጠን። ከቤቱ ዕዳ የቀረው የ14 ወር ክፍያ ነው። እኔና ወንድሜ ተነጋግረናል፤ ግማሽ ግማሽ እንከፍላለን። ይሄን ያሰብነው ዛሬ አይደለም። «ከልጆቼ እጅ አልጠብቅም» እንዳትለኝ። ስንት ዓመት ካቀበልከን በኋላ አንዴ ተቀበለን።

ሥራ አጣለሁ ካልክ ሱ በርድን እያት። ቤቷ አልተቀመጠችም። ከስቶርም ባለቤቶች አንዷ ሆናለች። በ2025 ደግሞ የአሜሪካ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ኃላፊ አድርገው ሾሟት። ሜዳውን በዓይኗ ነበር የምትጫወተው፤ ያ ዓይን አሁንም አብሯት ነው። ያንተም ዓይን አብሮህ ነው። ቤተ ክርስቲያን የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት አስተማሪ እንደቸገረው እማዬ ነግራኛለች። ያንተው የልጅ ልጅ ደግሞ ክፍልፋይ አልገባው ብሎ ማታ ማታ ያለቅሳል። እኔ ማስረዳት አልችልበትም፤ ትዕግሥቱ የለኝም። አንተ እንጀራ ቆርሰህ ሁለት ሦስተኛን ያሳየኸኝ ቀን ነው ለኔ የገባኝ። በየማታው ግማሽ ሰዓት በቪዲዮ እንድታስተምረው እፈልጋለሁ።

ትኬት ቆርጫለሁ። በሚቀጥለው ወር ልጁን ይዤ እመጣለሁ። ኤርፖርት የሚቀበለን ወንድሜ ነው። አንተም ና፤ ግን ጎን ወንበር ላይ ተቀመጥ። ሰኞ ጠዋት ሦስተኛውን ቀጠሮ ይዤልሃለሁ። አብሬህ እገባለሁ።

ከዚያ ስንመለስ ሐውልቷን እናያለን። ኦገስት 2025 ላይ አዳራሹ ደጅ ላይ ነው የቆመላት፤ ከሊጉ ተጫዋቾች ቡድኗ ሐውልት ያቆመላት የመጀመሪያዋ ናት። እዚያው አጠገብ ያለችው አጭር መንገድም በስሟ ተሰይማለች፤ ያቺን መንገድ ካንተ የተሻለ የሚያውቃት የለም። እስካሁን ቆመህ አላየኸውም አሉ፤ በመኪና ነው አሉ ያለፍከው። ስታቀብል አይደለም የቀረጿት። ኳሷን ይዛ ወደ ቅርጫቱ ስትዘል ነው። እንደማትስማማ አውቃለሁ። ለምን እንዳልተስማማህ እዚያው ቆመህ ለልጁ ንገረው።

የደረሰኝ ጥራዙን ይዘህ ና።

እማዬን ሳምልኝ።

ልጅህ