ላይብረሪያን ልሆን ስል ላልተዋችሁኝ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ለተከበራችሁ ወዳጆቼ፣ ዘመዶቼና የሥራ ባልደረቦቼ፤

በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የላይብረሪ ሳይንስ ማስተርስ የመጀመሪያ ዓመቴን ጨርሻለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን። ከእሱ ቀጥሎ እናንተ ናችሁ። አንድ በአንድ ደውዬ ላመሰግናችሁ ሞክሬ ነበር። ግማሻችሁ ሥራ ላይ ናችሁ። ግማሻችሁ ደግሞ «ተወው ባክህ፣ ምን አደረግን?» ብላችሁ ወሬ ትቀይራላችሁ። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን። እዚህ ላይ ማንም አያቋርጠኝም።

እውነቱን እንነጋገር። ትምህርቱን ልጀምር ነው ስል እልል ያለ ሰው አልነበረም። ዲቪ ደርሶት ሲልቨር ስፕሪንግ የገባ ሰው ምን እንደሚማር የታወቀ ነው። ነርሲንግ፣ አይቲ፣ ካልሆነም የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ። እንደ ወንድሜ የማየው አንድ ልጅ «መጽሐፍ ለመደርደር ደግሞ ማስተርስ?» ብሎ ሳቀብኝ። ለመጀመሪያው ክፍያ የጎደለኝን ያበደረኝ ግን እሱው ነው። እየሳቀ አበደረኝ። አመሰግናለሁ፣ ወንድሜ። ብሩን አልረሳሁትም።

ለጥያቄው መልስ ልስጥ። አዎ፣ ያስፈልጋል። እዚህ አገር አብዛኛው የሕዝብ ላይብረሪ «ላይብረሪያን» ብሎ የሚቀጥረው የአሜሪካ ላይብረሪ ማኅበር እውቅና ከሰጠው ፕሮግራም ማስተርስ የያዘን ሰው ነው። የእኛ 36 ክሬዲት ነው። ሙያው ቆየት ያለ ነው፤ ሜልቪል ዱዊ የመጀመሪያውን የላይብረሪያን ትምህርት ቤት ኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ኮሌጅ ውስጥ የከፈተው በ1887 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። አብዛኞቹ ተማሪዎቹ ሴቶች ስለነበሩ የኮሌጁ ባለሥልጣናት አልወደዱለትም። ሰውየው ራሱ ግን ጻድቅ አልነበረም። በዘረኝነቱና በሴቶች ላይ ባደረሰው ትንኮሳ ምክንያት ማኅበሩ በ2019 በስሙ ይሰጠው ከነበረው ሜዳሊያ ላይ ስሙን አንስቶታል። መምህራኖቻችን ይህንን ሳይሸፋፍኑ ማስተማራቸውን ወድጄላቸዋለሁ።

አሁን አብሬያችሁ ወደምሠራው ወደ ፓርኪንግ ልጆች።

ጋሼ፣ በእርስዎ ልጀምር። ገና ከመምጣቴ ልመዘገብ ስጣደፍ «ቆይ፣ መጀመሪያ የሜሪላንድ ነዋሪ ሁን» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ለነዋሪ የሚቀነሰውን የትምህርት ክፍያ ለማግኘት ቢያንስ 12 ወር መኖር እንዳለብኝ ማን ይነግረኝ ነበር? የነዋሪውና የነዋሪ ያልሆነው ክፍያ ልዩነት ኪስ ብቻ ሳይሆን ቤት ያራቁታል። ሊዝ ላይ፣ መንጃ ፈቃድ ላይ፣ ግብር ላይ ስሜና አድራሻዬ አንድ ዓይነት እንዲሆን ያስጠነቀቁኝም እርስዎ ነዎት። ማመልከቻዬ ያለ ጭቅጭቅ ያለፈው በእርስዎ ምክር ነው።

የቀራችሁት ልጆች፣ እናንተ ሺፍት ባትቀይሩልኝ ኖሮ የማታ ክፍል የሚባል ነገር አልነበረኝም። ሌሊት ቡዝ ውስጥ ሳነብ መኪና አስወጣችሁልኝ። ከፈተና በፊት ቁጥር ጠየቃችሁኝ። በዱዊ አመዳደብ (ለመጽሐፍ እንደ ርዕሱ ቁጥር የሚሰጥበት ሥርዓት ነው) የኢትዮጵያ ታሪክ 963 መሆኑን ከነገርኳችሁ ወዲህ ቲኬቱ በ963 የሚያልቅ መኪና በመጣ ቁጥር «ኢትዮጵያ መጣች፣ አሳልፍ!» ትሉ ነበር። ባለመኪኖቹ ግራ ይጋባሉ። እኔ ግን ፈተናው ላይ አልተሳሳትኩም።

የከበደው ነገር ጥር ውስጥ መጣ። ብዙዎቻችሁ ታሪኩን በወሬ ነው የሰማችሁት፤ ከእኔ ስሙት። የተከራየሁት ቤዝመንት ውስጥ ቧንቧ በብርድ ፈነዳ። ከሥራ ስመለስ ውኃው ቁርጭምጭሚቴን አለፈ። ላፕቶፔ መሬት ላይ ነበር። ከአገር ቤት በሻንጣ ተሸክሜ ያመጣኋቸው የአባቴ መጻሕፍትም በካርቶን መሬት ላይ ነበሩ። አከራዬ «የራስህ ጉዳይ ነው» አለኝ። ስሙን አላነሳም። እሱን ለማመስገን አይደለም የተነሳሁት።

እትዬ፣ ያን ቀን ደወልኩልዎት። ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቁኝም። «አድራሻህን ላክ» አሉ፣ በቃ። መኪናዎን ይዘው፣ የቆሻሻ ፕላስቲክ ከረጢት ታቅፈው መጡ። ልብሴን ሊያነሱ ሲሉ «መጻሕፍቱ ይቅደሙ» ብዬ ጮህኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። የመጻሕፍት ጥበቃና እንክብካቤ ትምህርት ላይ አንድ ነገር ተምረን ነበር። የራሰ መጽሐፍ በ48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ሊጀምረው ይችላል። ብዙ ከሆነና ማድረቅ ካልተቻለ ደግሞ ማቀዝቀዝ ነው፤ በረዶ ሲሆን ሻጋታው ይቆማል፣ ጊዜ ይገኛል። እኔ ይህን እያሰብኩ ቤትዎ ስንደርስ ዓይኔ የጋራዥዎ ዲፕ ፍሪዘር ላይ አረፈ።

ሰው ቤት ገብቶ በመጀመሪያው ሌሊት ፍሪዘር የሚጠይቅ እንግዳ አይተው ያውቃሉ? ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ የበግ ሥጋውን ወደ ግራ ገፋ አደረጉ፣ በርበሬውን አወጡ። እያንዳንዱን መጽሐፍ በፕላስቲክ ጠቅልለን ደረደርን። ሲጨርሱ «ልትቀቅለው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ሳምንት የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

እስከ ፋሲካ ድረስ በትንሽ በትንሹ እያወጣን አደረቅናቸው። በየገጹ መሐል የወጥ ቤት ወረቀት አስገቡ፣ ማራገቢያውን ሳሎን ውስጥ ተከሉ፣ እንግዳ ሲመጣ «የልጁ ትምህርት ነው» አሉ። አብዛኞቹ ተርፈዋል። ሽፋናቸው ተጨማዷል፣ ግን ይነበባሉ። አንጸባራቂ ወረቀት ያለው የፎቶ መጽሐፍ ብቻ ገጾቹ ተጣብቀው ቀረ፤ እንዲህ ዓይነት ወረቀት አንዴ ተጣብቆ ከደረቀ ማላቀቅ አይቻልም። ኪራይ ልክፈል ስልዎት ተቆጡኝ። የበርበሬውንም አልከፈልኩም።

ላፕቶፑ አልተረፈም። የዩኒቨርሲቲው ማክኬልዲን ላይብረሪ ያውሳል፤ ሠራተኞቹም በዚያ ሰሞን ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ ቶሎ ቶሎ አስተናገዱኝ። ደጃፉ ላይ ቴስቱዶ የሚባል የነሐስ ኤሊ አለ። በፈተና ሰሞን ተማሪው ኩኪስ፣ ሳንቲም፣ ያገኘውን ሁሉ እግሩ ሥር ያስቀምጣል። ስለት ነው ለካ! ፈረንጅ ስለት አያውቅም የምትሉ ሰዎች መጥታችሁ እዩ።

የካታሎጊንግ (የመጻሕፍት አመዘጋገብ) መምህሬን ለየት አድርጌ ላመስግን። ከቤት መጽሐፍ አምጥታችሁ ካታሎግ አድርጉ ስትለን እኔ ከፍሪዘር የወጣ አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ይዤ ሄድኩ። የክፍል ጓደኞቼ የደራሲውን አባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥረው ፊት ሊያስገቡት ነበር። የኮንግረስ ላይብረሪ (የአሜሪካ ትልቁ ላይብረሪ ነው) አሠራር ግን ኢትዮጵያዊን በራሱ ስም ያስገባል፣ የአባቱ ይከተላል። ባንኩም፣ ሐኪም ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም በአባቴ ስም ሲጠሩኝ ከርመዋል። ሥርዓቱን ጠብቆ የሚጠራን ካታሎግ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። መምህሬ ይህን ለክፍሉ እንዳስረዳ ጊዜ ሰጠችኝ። እንግሊዝኛዬ ሲያደናቅፈኝ አላቋረጠችኝም።

በዚያው ነገሬን ቀጥዬ ዋሽንግተን ወደ ኮንግረስ ላይብረሪ መመላለስ ጀመርኩ። የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ንባብ ክፍል አለ። 16 ዓመት የሞላው ሰው የአንባቢ ካርድ በነፃ ያወጣል፤ ሂዱና አውጡ። እዚያ ያሉት ሠራተኞች አንድ ነገር አሳዩኝ። የቆዩ የአማርኛ መጻሕፍት መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ በላቲን ፊደል ነው የተጻፈው። የድሮው የካታሎግ ኮምፒውተር ፊደላችንን አያውቅም ነበር፤ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል የሚያውቁበት ዓለም አቀፍ ኮድ) ራሱ የጨመረው በ1999 ነው። ስለዚህ በአማርኛ ፈልጋችሁ «የለም» የተባላችሁት መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ሊሆን ይችላል። «የለም» ሲላችሁ አትመኑ፣ በላቲን ሞክሩ፣ ካልሆነም ላይብረሪያኑን ጠይቁ።

ስለ ካታሎግ ካነሳሁ አይቀር ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌንም ላመስግን፤ ባላውቃቸውም። በ1973 የብራና መጻሕፍቶቻችንን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀምሮ ነበር። እሳቸው ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ተቀምጠው ለአሥርት ዓመታት ያን ክምችት ሲመዘግቡ ኖሩ። በጥይት ተመትተው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ነው የሠሩት። በ2021 ዓረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ሌሊት ቡዝ ውስጥ ሲደክመኝ የእሳቸውን ካታሎግ እከፍት ነበር። አንድ ብራና ስንት ቅጠል እንዳለው፣ የት ገዳም እንደተገኘ፣ ጸሐፊው ማን እንደሆነ። ከዚያ በኋላ «አልቻልኩም» ማለት ያሳፍራል።

አሁን ደግሞ አንዲት እናት። ማን እንደሆኑ አልናገርም፤ የአንባቢን ምስጢር መጠበቅ የሙያችን ሕግ ነው። ይህችን ያህል እንዳወራ ግን ራሳቸው ፈቅደውልኛል። በበጎ ፈቃድ የማገለግልበት ላይብረሪ መጥተው «የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ስጠኝ» አሉ። ክፍል ውስጥ ያስተማሩን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ነገር ሁልጊዜ የሚፈልገው ነገር እንዳልሆነ ነው። ቁጭ ብለን አወራን። እንግሊዝኛውን የፈለጉት ለዜግነት ፈተና ነው። ፍርሃታቸው እንቅልፍ ነስቷቸዋል። ዕድሜያቸውን፣ ግሪን ካርድ ከያዙ ስንት ዓመት እንደሆናቸው ጠየቅኩ። ዕድሜው 55 የሞላና በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖረ ሰው ከእንግሊዝኛው ፈተና ነፃ ነው፤ የታሪክና የመንግሥት ጥያቄውን በአስተርጓሚ በቋንቋው ይፈተናል። 50 የሞላው ደግሞ 20 ዓመት የኖረ እንደሆነ እንዲሁ ነው። እኛ የሕግ ምክር አንሰጥም። የመንግሥቱን ገጽ አሳየኋቸው፣ በነፃ ወደሚያማክሩ ሰዎች መራኋቸው። ሲነሡ ግንባሬን ሳሙኝ። እማማ፣ ይህን ሙያ ለምን እንደመረጥኩ ለሚጠይቀኝ ሰው የምሰጠውን መልስ የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። ፈተናውን ማለፍዎንም ሰምቻለሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎት!

ሌሎቻችሁንም አልረሳሁም። ፔፐሬን ያረመችልኝ የክፍል ጓደኛዬ፣ አሮጌ ማተሚያዋን የሰጠችኝ እህት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ጠብቃችሁ ምግብ በእቃ የምታሲዙኝ እናቶች (እቃዎቹ እኔ ጋ ናቸው፣ እመልሳለሁ)፣ አዲስ አበባ ሆናችሁ ሌሊት ሌሊት ስልኬን ያነሳችሁ። እናቴ፣ «ቀዝቃዛ ውኃ አትጠጣ» የሚለውን ምክርሽን እየተገበርኩ ነው።

ሁለተኛው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይጀምራል። የፓርኪንግ ልጆች፣ አንድ ነገር ብቻ። የመረጃ አደረጃጀቱ ትምህርት ሐሙስ ማታ ሆኗል። ሐሙስን በእሑድ የሚቀይረኝ ሰው ካለ ከወዲሁ ንገሩኝ።

አክባሪያችሁ፣
ግማሽ ላይብረሪያን የሆነው ወንድማችሁ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ