«የዲቪ ክበብ» እያላችሁ ለምትጠሩን

የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

መምህራን ማረፊያ ውስጥ ክበባችን «የዲቪ ክበብ» እንደሚባል ሰምቻለሁ። ግድግዳው ላይ የአሜሪካ ካርታ ስለሰቀልን ነው አሉ። ለነገሩ ዲቪ ሲሞላ ሰዋስው የሚጠይቅ የለም። ካርታው የተሰቀለው «ዘ» በምትባለው ትንሽ ቃል ምክንያት ነው። እኛ «ቤት»ን «ቤቱ» ብለን እንገላገላለን። እንግሊዝኛ ግን «ዘ»ን አንዴ ይፈልጋታል፣ አንዴ ያባርራታል። ደንቡን ሰሌዳ ላይ ብጽፍላቸው ለፈተና ሸምድደው በማግስቱ ይረሱታል። ካርታ ላይ ሲያዩት ግን ይይዙታል። «ዘ ሚሲሲፒ» ካልን ወንዙ ነው፤ «ዘ»ን ካነሳናት ግዛቱ። «ዘ ዩናይትድ ስቴትስ» ይባላል፣ «ዘ አሜሪካ» ግን አይባልም። 50 ግዛት ሆኖ ሳለ ግሡ «ኢዝ» መሆኑ ደግሞ አንድ ሙሉ ሐሙስ አከራክሯቸዋል።

የዘወትሩን ሥራ ባጭሩ ልለፈው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ተገናኝተናል። ሁለቴ በሚኒ ሚዲያ ቀርበናል፣ አንድ የግድግዳ መጽሔት አውጥተናል። መስከረም ላይ ክፍሉ ሞልቶ ነበር፤ ፈተና ሲቃረብ አሥራ ምናምን ቀረን።

ሚያዝያ ላይ ጎረቤት ትምህርት ቤት ለጥያቄና መልስ ውድድር ጠራን። መኪና ስላልተገኘ በእግራችን ሄድን። ሦስተኛ ወጣን። ተወዳዳሪዎቹም ሦስት ነበሩ፤ አልደብቅም።

የማልረሳው ግን ውጤቱን አይደለም። የአሜሪካ ዋና ከተማ ማን ናት ተባለ። ቀላል ጥያቄ ነው። የ9ኛ ክፍሏ ልጃችን ተነሳችና በዚያች ቀጭን ድምጿ «ኒው ዮርክ ዎዝ...» ብላ ጀመረች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ደወሉ ተደወለ፣ ዙሩ አለፈ። እኔም አንገቴን ደፋሁ።

ስንመለስ አስፋልቱ ዳር አጠገቤ መጥታ «ቲቸር፣ እኔኮ ‹ዎዝ› ነው ያልኩት» አለችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። «ኒው ዮርክ ዋና ከተማ ነበረች፣ አሁን ዋሽንግተን ዲሲ ናት» ልትል ነበር። ጆርጅ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1789 ቃለ መሐላ የፈጸመው ኒው ዮርክ፣ ዎል ስትሪት ላይ ነው። መንግሥቱ በዓመቱ ወደ ፊላደልፊያ ሄደ፣ በ1800 ደግሞ ወደ ዋሽንግተን። ይህን ሁሉ ላይብረሪያችን ካለው ሽፋኑ የተገነጠለ ኢንሳይክሎፒዲያ ለቃቅማ አንብባለች። እኔ ግማሽ ዓመት ሙሉ «ዎዝ»ን ሳስተምር ከርሜ፣ በቦታዋ ስትመጣ አልሰማኋትም። የከተማዋን ስም ብቻ ሰምቼ አፈርኩባት።

ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ታሪኩን ለሁሉም እንድትናገር አደረግን። ፊላደልፊያ ስትደርስ ማይክሮፎኑ ጠፋ። ገመዱ ነው፣ ታውቁታላችሁ። እሷ ግን እየጮኸች ጨረሰችው። ከኋላ የቆሙት መስማታቸውን እጠራጠራለሁ።

የስፖርት ክበብ አዲስ ቱታ ስለተገዛለት ከልብ ደስ ብሎናል። የእኛ የገመድ ጥያቄ ደብዳቤ ግን ከጥቅምት ጀምሮ «በመታየት ላይ» ነው። አትላሳችንም አሁንም ሶቪየት ኅብረትን ያሳያል። ስለ ተገብሮ ግሥ ሳስተምር «አላስካ እ.ኤ.አ. በ1867 ከሩሲያ በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ተገዛች» የሚል ምሳሌ ሰጠሁ። አንዱ ልጅ አትላሱን ገልጦ «ቲቸር፣ ሩሲያ የታለች?» አለኝ። ምን ልበለው?

ስለዚህ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) በክረምቱ ስብሰባ ሁለት ነገር እንዲያይልን እንጠይቃለን፤ አንድ አትላስ እና አንድ የማይክሮፎን ገመድ። ልጅቷ ለከርሞ 10ኛ ክፍል ናት፣ የጥያቄና መልስ ቡድኑን የምትመራውም እሷ ናት። ገመዱ እስከ መስከረም ቢደርስ ጥሩ ነው። ድምጿ ቀጭን ነው።