አዎ እንበላለን፦ የቅርስና የከተማ ጉብኝት ክበብ ዓመታዊ ዘገባ

መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ስማችን «የበላተኞች ክበብ» ነው። አውቃለሁ። «ቅዳሜ ደግሞ የት ልትበሉ ነው?» የሚለኝ ባልደረባ አለ፣ ራሱን ያውቃል። ስለዚህ ከዚሁ ልጀምር። አዎ እንበላለን። አሮጌ ሕንፃ ለማየት በወጣን ቁጥር አንድ ምግብ ቤት ሳንገባ አንመለስም፤ ነገሩ በክበባችን ደንብ ላይ ተጽፏል፣ ርዕሰ መምህሩም ፈርመውበታል።

ምክንያት አለን። ሙዚየም በሆነ ቤት ውስጥ «አትንኩ» ይባላል፣ ልጆቹም እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ዞረው ይወጣሉ። ምግብ ቤት በሆነ አሮጌ ቤት ውስጥ ግን ትቀመጣለህ፣ ግድግዳውን ትደገፋለህ፣ «እትዬ፣ ይሄ ቤት ድሮ የማን ነበር?» ብለህ ትጠይቃለህ፣ እሳቸውም ሽሮው እስኪንተከተክ ድረስ ሰፈሩን ከነጎረቤቱ ይተርኩልሃል። በአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይህን ማድረግ የሚችል የታሪክ መምህር ካለ ያሳየኝ።

የሐሙስ ስብሰባዎቻችን እንደማንኛውም ክበብ ነበሩ። ሊቀመንበርና ጸሐፊ ተመረጡ፣ ዕቅድ ወጣ፣ ግማሹ አባል አረፈደ፣ ሌላው ግማሽ ቶሎ ልሂድ አለ። እዚህ ላይ ጊዜ አላባክንም።

ጉብኝቱን የጀመርነው ከአራዳ ጊዮርጊስ ነው። ከእኛ ግቢ ፒያሳ አንድ ታክሲ ነው፣ እንደምታውቁት። ብዙዎቹ ልጆች በዚያ በኩል በየቀኑ ያልፋሉ፤ ሕንፃው ስምንት ማዕዘን እንዳለው ግን ያየ አልነበረም። ዞረው እንዲቆጥሩ አደረግኳቸው። የአድዋ ድል መታሰቢያ ሆኖ የተሠራ መሆኑን፣ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለሥላሴ ደግሞ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት እዚያ መሆኑን፣ በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች በእሳት እንዳቃጠሉት ተነጋገርን። ከዚያ ወደ አቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ወረድን። ሐውልቱ ለቀላል ባቡሩ ዋሻ ሲባል በ2005 ተነስቶ በ2008 ወደ ቦታው መመለሱን ስነግራቸው አንዷ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «ታዲያ ሐውልት ተነስቶ መመለስ ከቻለ ቤት ለምን አይመለስም?» አለች። ጥያቄዋን ደብተር ላይ ጻፍነው። መልስ አልሰጠሁም፤ ፒያሳ ቆመህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣብህ ዙሪያህን ማየት ይበቃል። በ2016 ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ እነዚህ ልጆች አንደኛ ደረጃ ነበሩ። አንዳንዶቹ የተወለዱበት ሰፈር ነው። እኔ ልማት አልቃወምም፣ ይህም በግልጽ ይጻፍልኝ። የምለው ሳይፈርስ በፊት ይሳል፣ ፎቶ ይነሳ፣ የሚያውቀው ሰው ይጠየቅ ነው። ይህን ደግሞ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በእርሳስና በደብተር ሊሠራው ይችላል።

ለገሃርም ሄደናል። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ በ1909 ከገባ በኋላ ከተማዋ ወደዚያ በኩል እንዴት እንደተሳበች በካርታ አየን። ራስ ብሩ ሀብተገብርኤል ቤትም ሄደናል፣ የዛሬው የአዲስ አበባ ሙዚየም። እዚያ ልጆቹ ከዕቃዎቹ ይልቅ በረንዳውን ወደዱት፣ አልፈርድባቸውም።

ስለ ምግቡ አንድ ነገር ላስረዳ፣ ምክንያቱም ቀልዱ ሁሉ ከዚያ ስለሚመጣ። ክበባችን ውስጥ የሚጾሙ አሉ፣ የማይጾሙ አሉ፣ ሙስሊም አሉ፣ ክርስቲያን አሉ፣ ቁርስ ሳይበሉ የሚመጡም አሉ። አንድ ትሪ ላይ ሁሉንም ማስቀመጥ ቀላል አይደለም። ሥጋ ስለማናዝ አንድም ቀን ችግር ገጥሞን አያውቅም፤ ፉል፣ ሽሮ፣ በያይነቱ፣ ፓስታ በእንጀራ፣ በቃ። ፓስታ በእንጀራ ስንበላ ጣሊያን አምስት ዓመት ተቀምጦ ስለሄደበት ዘመን አወራን፣ ገበያውም ከአራዳ ተነስቶ መርካቶ የሄደው በዚያው ጊዜ ነው። አንድ ቅዳሜ ፒያሳ ያለው አሮጌው ቡና ቤት ቶሞካ ገብተን ማኪያቶ ቆመን ጠጣን። አንድ ወላጅ «ልጄን ቡና አስለመዳችሁብኝ» ብለው ደውለዋል። ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ ልጁ ግን ቤታቸው ሦስተኛውን እየጠጣ ያደገ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የዓመቱን ሌላ ነገር ሁሉ ብትረሱልኝ ይህችን ያዙልኝ።

ፒያሳ ዳር አንዲት ምግብ ቤት አለች። ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ እንጨት፣ ፊት ለፊቷ የእንጨት በረንዳ ያላት፣ የአራዳ ሰው ሲያያት ወዲያው የሚያውቃት ዓይነት ቤት። ፎቅ ላይ ተቀምጠን ምሳ እየጠበቅን እኔ እንዲህ ያሉ ቤቶችን ስለሠሩት ሕንዶችና አርመኖች ግንበኞች ማብራሪያ ጀምሬያለሁ። መሐል ላይ አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ከበረንዳው ተነስቶ መጣ። ይህ ልጅ ክፍል ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። ድምፁን የምሰማው ስም ስጠራ ብቻ ነው። ውጤቱን ባልናገር ይሻላል።

«ቲቸር፣ ይሄ እንጨት ባሕር ዛፍ አይደለም» አለኝ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ጥድ ነው። ያሽቱት።»

የመደገፊያውን ሥር በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ ነበር። አሸተትኩ። ከዚያ ሁሉም ተነስተው አሸተቱ፣ አስተናጋጇም ጭምር። ልጁ አባቱ አናጺ ናቸው፤ በትርፍ ጊዜው አብሯቸው ይሠራል። ጥድ ምስጥ እንደማይደፍረው፣ ለዚህም ነው ምሰሶዎቹ እስካሁን የቆሙት ብሎ ነገረን። ከወለሉ ውስጥ በኋላ የተቀየሩትን ጣውላዎች አንድ በአንድ እየረገጠ «ይሄ አዲስ፣ ይሄ የድሮው» እያለ ለየልን። አንዱ እንጨት በሌላው ውስጥ ተሰክቶ የተያያዘበትን ቦታ ተንበርክኮ አሳየን።

እኔ ያን ጊዜ የመጽሐፉን ነገር ልጨምርበት ቻልኩ። አዲስ አበባ በ1879 ስትቆረቆር እንጦጦና ዙሪያው ጥድና ወይራ ነበር። እንጨቱ ለማገዶም ለቤትም ተቆርጦ ሲመናመን ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር፤ ከተማዋን እዚሁ ያስቀራት በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ይህን ነገር ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ልጆቹ ግን የዚያን ቀን ጥዱን በአፍንጫቸው ይዘውት ነበር የሚሰሙኝ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የምግብ ቤቷ ባለቤት ማእዘኑ ላይ የበሰበሰ ምሰሶ ነበረባቸው። «አፍርሰሽ በብሎኬት ሥሪው እያሉ መከሩኝ» አሉ። ልጁ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። «ምሰሶው አይደለም ጥፋቱ፣ አሸንዳው ነው፣ ውሃው እዚህ ላይ ነው የሚፈስሰው» አላቸው። ባለቤቷ ዝም ብለው ወደ ጓዳ ገቡና አንድ ሰሃን ፍርፍር ለእሱ ለብቻው ይዘው መጡ። ጓደኞቹ በማንኪያ ከበቡት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አባቱና እሱ ሄደው አሸንዳውንም ምሰሶውንም ቀየሩ። በስንት እንደተስማሙ አልጠየቅኩም። ቤቱ ቆሟል።

የታሪክ ውጤቱ ተሻሻለ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፣ ግን ሪፖርት ካርዱን የክፍል ኃላፊው ስለሚያዩት አልዋሽም። በረንዳውን ከነመጋጠሚያው በእርሳስ የሳለው ሥዕል ግን ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ ነው። ሄዳችሁ እዩት። እዚያ ክፍል ገብቶ በሥዕሉ ያልቆመ ሰው አላየሁም፣ የኮንስትራክሽን ትምህርት ያጠና አንድ ወላጅ እንኳ ፎቶ አንስተውታል።

ያልተሳካልንም አለ። አንድ ታላቅ አዳራሽ ለመጎብኘት ደብዳቤ አስገባን፣ ማኅተም ይጎድላል ተባለ፣ ማኅተም አስመታን፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ፣ ከዚያ ፈተና ደረሰ። አንድ ቅዳሜ ዝናብ ሥዕሎቻችንን አበሰበሰብን። ሦስተኛ፣ ሁለት ሕንፃዎች ጋ ስንደርስ በቆርቆሮ ታጥረው አገኘናቸው፣ ከውጭ የሚታየው ጣሪያቸው ብቻ ነበር። ጣሪያውን ሣልን።

የስልክ ነገርም አለ። ትምህርት ቤታችን ስልክ ይከለክላል፣ እኔም በዚህ እስማማለሁ። ግን ካሜራ የለንም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጉብኝት ዩኒት ሊደሯን ለምኜ ሁለት ስልክ አስፈቅዳለሁ፤ ባትሪያቸው ደግሞ ለገሃር ሳንደርስ ያልቃል። የእግር ኳስ ክበብ ዘንድሮ ማልያ ተገዝቶለታል፣ እንኳን ደስ ያለው። ሚኒ ሚዲያም አዲስ ስፒከር አግኝቷል፣ ጠዋት ጠዋት ሁላችንም እየሰማነው ነው። እኛ ከትምህርት ቤቱ ያገኘነው አንድ ደስታ ወረቀትና ማርከር ነው። ታክሲውንም ምሳውንም ልጆቹ ከኪሳቸው ያወጣሉ፣ የሌለው ሲኖር እንካፈላለን። ክበቡ ሊገባ ፈልጎ «ቅዳሜ የታክሲ የለኝም» ብሎ የቀረ ልጅ እንዳለ አውቃለሁ። እሱ ነው የሚያናድደኝ።

ስለዚህ የወላጅ መምህራን ኅብረት በሚቀጥለው ስብሰባ ጉዳያችንን ያንሳልን። የምንጠይቀው አንድ ካሜራ፣ የቅዳሜ ትራንስፖርት፣ ልጆቹ የሳሏቸውንና የሰበሰቧቸውን ታሪኮች በትንሽ መጽሐፍ መልክ ለማባዛት የሚሆን ወረቀትና ቀለም ነው። የቀድሞ ተማሪዎቻችንም ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ ማተሚያ ቤት ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ መደወል ብቻ ነው።

በመጨረሻ ገንዘብ ለሌላችሁ ደግሞ፦ ቤታችሁ አልበም ውስጥ ከ1967 በፊት የተነሳ የፒያሳ፣ የአራት ኪሎ፣ የመርካቶ ወይም የሰፈራችሁ ፎቶ ካለ ለልጃችሁ በፖስታ አድርጋችሁ ላኩልን። ከኋላው የማን ቤት እንደሆነና ማን ማን እንደቆመበት በእርሳስ ጻፉበት። እኛ ገልብጠን በሳምንቱ እንመልሳለን። ምዝገባ መስከረም ላይ ነው፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ቤተ መጻሕፍት።