ይድረስ ለእትዬ

ለተከበሩ እኅቴ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጅዎ በ16 ዓመቷ ማርገዟን ከደብዳቤዎ ሳነብ ደነገጥሁ፤ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን «ልጅነት ጉልበት ነው፤ በቀላሉ ትገላገላለች» ማለትዎ ነው።

እትዬ፣ በማዋለጃ ክፍል ስሠራ የማየው ከዚህ የተለየ ነው። በዚህ ዕድሜ ቁመት ቢያቆም እንኳ የዳሌ አጥንት ገና አድጎ ላይጨርስ ስለሚችል፣ በተለይ ዕድሜዋ ከ15 ዓመት በታች የሆነች ልጅ ምጥ ይጠናባታል፤ በጊዜ ካልተደረሰላትም ለፊስቱላ፣ ማለትም ሽንት ወይም ሰገራ ያለ ፈቃድ ለሚያፈስ የውስጥ ቀዳዳ፣ ልትዳረግ ትችላለች። ልጅዎ ራሷ እያደገች ስለሆነ የምትበላውን ከፅንሱ ጋር ትሻማለች፤ እንደ እርሷ ያሉ ልጆች የደም ማነስ የሚበዛባቸው፣ ከ37 ሳምንት በፊት ወይም ከ2.5 ኪሎ በታች የሆነ ሕፃን የሚወልዱትም ከዚህ የተነሣ ጭምር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ከ10 እስከ 19 ዓመት ያሉ እናቶች ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት ይልቅ ከደም ግፊት ጋር ለሚመጣው የሚጥል እንቅጥቅጥ፣ ለኤክላምፕሲያ፣ እንዲሁም ከወሊድ በኋላ ለሚመጣ የማኅፀን ኢንፌክሽን የተጋለጡ ናቸው።

በቅርቡ አንዲት እርጉዝ የልጅዎ እኩያ እግሯ አብጦ ጫማዋ ጠቧት ተረከዙን ረግጣ መጣች። ራስ ምታቱን እንቅልፍ በማጣቷ የመጣ መስሏት ሦስት ቀን ችላዋለች። የደም ግፊቷን ስለካ እጅግ ከፍ ብሎ 160 በ110 ሆነ፤ ሽንቷ ውስጥም ፕሮቲን ተገኘ። ያን ዕለት ባትመጣ ኖሮ የሚጥል እንቅጥቅጥ ሊይዛት ይችል ነበር።

ትልቅ ሴት አደጋ የለባትም ማለቴ አይደለም፤ እኔም በ38 ዓመቴ ሳረግዝ ስኳር ወጥቶብኝ እንደነበር ያስታውሳሉ። ነገር ግን እኔ ምልክቱን አውቅ ነበር፣ ሐኪም ቤትም ለመሄድ የማንንም ፈቃድ አልጠበቅሁም። ልጆቹ ግን ቁጣ ፈርተው እርግዝናውን ይደብቃሉ፤ ለምርመራ የሚመጡት ሆዳቸው ከገፋ በኋላ ነው፤ ከጉዳቱ ብዙው የሚመጣውም ከዚህ መዘግየት ይመስለኛል።

ስለዚህ ሦስተኛ ወሯን ሳትጨርስ፣ በዚህ ሳምንት፣ እርስዎ ራስዎ ይውሰዷት፤ የመጀመሪያው ምርመራ ከ12 ሳምንት በፊት እንዲሆን፣ በጠቅላላውም 8 ጊዜ እንድትታይ ይመከራል። የአይረንና የፎሊክ አሲድ ኪኒኑን እንዳታቋርጥ ይከታተሏት። ብርቱ ራስ ምታት፣ የዐይን ብዥታ፣ የፊት እብጠት ወይም ደም ከታየባት ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። በሚቀጥለው ደብዳቤዎ የደም ግፊቷ ስንት በስንት እንደሆነ ከካርዷ ላይ ገልብጠው ይላኩልኝ።

ታናሽ እኅትዎ