አላድ አለ?

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የእማዬ ጉልበትስ ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ናፍቆቱ ብቻ ነው ያስቸገረኝ። ይህን ደብዳቤ ትንሿ እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልዎ። ከማንበቧ በፊት ግን የሳንቲም ሣጥንዎን አምጥታ ፊትዎ ታስቀምጠው። ኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ባለፈው በስልክ «ባንክ ቤት ምን ያመላልስሃል?» ብለውኝ ነበር። መስመሩ ተቋረጠና ሳልመልስልዎ ቀረሁ። ዕዳ ውስጥ የገባሁ መስሎዎት እንዳይጨነቁ። የምመላለሰው ሳንቲም ፍለጋ ነው።

እዚህ አሜሪካ ግማሽ ዶላር የሚባል ሳንቲም አለ። በእኛ የዱሮ አጠራር አላድ ማለት ነው። ትልቅ ነው፤ መዳፍ ላይ ሲያርፍ ይታወቃል። በአንድ ፊቱ የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ምስል፣ በሌላው ንስር አለበት። ኬኔዲ በፈረንጆቹ ኅዳር 1963 ተገደሉ፤ ሳንቲሙ በመጋቢት 1964 ወጣ። ሕዝቡ ለመታሰቢያ ብሎ እቤቱ አስቀረው። ከ2002 እስከ 2020 ደግሞ ለሰብሳቢዎች ብቻ እንጂ ለገበያ አልተቀረጸም። ስለዚህ ብዙ ዓመት እዚህ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ በእጁ ያልያዘው ሞልቷል።

ቁም ነገሩ ያለው ውስጡ ነው። የ1964ቱ 90 በመቶ ብር ነው። ብር ስልዎ ማዕድኑን ነው። ከ1965 እስከ 1970 ያለው 40 በመቶ ብር አለው። ከ1971 ወዲህ ለገበያ የወጣው መዳብና ኒኬል ብቻ ነው። የብር ዋጋ እየናረ ሲያስቸግራቸው በ1965 ሕግ አወጡ፤ ከአሥር ሳንቲሙና ከሩቡ ብሩን ጨርሰው አወጡት፣ ከአላዱ ቀነሱት። ባንክ ግን ይህን አይለይም። ለባንክ ሁሉም ያው ግማሽ ዶላር ነው። ብር ያለበትንም የሌለበትንም በተጻፈበት ዋጋ ይሰጥዎታል።

እናም የሌሊት ሥራዬን ጨርሼ ስወጣ፣ ባንክ እስኪከፈት እጠብቃለሁ። ገብቼ ሰላምታ እሰጥና «ግማሽ ዶላር አላችሁ?» እላለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ የለም ነው። አንዳንዴ ግን ሠራተኛዋ መሳቢያዋን ከፍታ ጥግ የወሸቀችውን ታወጣለች። ሳንቲሙ በመሳቢያው ውስጥ የራሱ ቦታ ስለሌለው ቢወሰድላት ደስ ይላታል። ጥቅልም ሊኖር ይችላል። አንድ ጥቅል 20 ሳንቲም ይይዛል፤ 10 ዶላር ነው። ካርቶን ማዘዝም ይቻላል፤ 50 ጥቅል፣ 500 ዶላር። ካርቶን ለማዘዝ ግን በዚያ ባንክ ሂሳብ ቢኖር ይሻላል። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ቅርንጫፍ ገብቼ፣ የእኛ ደንበኛ አይደለህም ተብዬ ሰው ፊት ተመለስኩ። ከፍቶኝ ነው የወጣሁት። በማግሥቱ የራሴ ባንክ ሄድኩ፤ በሳምንቱ ካርቶኑ መጣልኝ።

እኔ በጣም የምወደው በእጅ የተጠቀለለውን ነው። ማሽን የጠቀለለው ጫፉ እኩል ነው። በእጅ የተጠቀለለው ወረቀቱ የተጨማደደ፣ አንዳንዴ ዋጋው በእስክሪብቶ የተጻፈበት ነው። ያ የሰው ማስቀመጫ ነው። ምናልባት አንድ አያት ሲያልፉ ልጆቹ ምንነቱን ሳያውቁ ባንክ ያስገቡት ይሆናል። እሱን ስፈታ ሁልጊዜ እርስዎ ይታወሱኛል።

ጥቅሉን ፈትቼ ሳንቲሞቹን ደርድሬ ጠርዛቸውን ነው የማየው። ዓመተ ምህረቱን አንድ በአንድ ማንበብ አያስፈልግም። መዳብ ያለበት ጠርዙ ላይ ቡናማ መስመር አለው። የ1964ቱ ጠርዝ ግን ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው። 40 በመቶ ብር ያለው በሁለቱ መሃል ነው፤ ደብዘዝ ያለ መስመር ስላለው ዓይን ያታልላል፣ እሱን ገልብጦ ማንበብ ነው። ጠረጴዛ ላይ ጣል ሲያደርጉትም ብሩ ድምፁ ይረዝማል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርቶኖች ባዶ ነበሩ። 3,000 ሳንቲም አይቼ አንድም የለም! ግን አባባ፣ ምንም አልከሰርኩም። ያልፈለግሁትን መልሼ ሳስገባ ገንዘቤ እንዳለ ነው። የማስገባው ደግሞ ካዘዝኩበት ሌላ ቅርንጫፍ ነው። ሠራተኞቹ እንዳይሰለቹኝ ነው፤ ያየሁትንም መልሼ እንዳላይ። በአራተኛው ካርቶን አንድ የ1967 አገኘሁ። ከዚያ ባለፈው ወር፣ ካርቶንም ሳይሆን ሠራተኛዋ ከመሳቢያ ካወጣችልኝ ስድስት ሳንቲሞች መሃል፣ ጠርዙ ነጭ የሆነ። 1964። እጄ ተንቀጠቀጠ። ሦስት ዶላር ከፍዬ ስድስቱንም ወሰድኩ።

አሁን ሣጥኑን ይክፈቱት።

መብራት በጠፋ ማታ እኛን ዙሪያዎ አስቀምጠው ሳንቲሞቹን በጣትዎ እየዳበሱ «ይሄ ስሙኒ፣ ይሄ ሽልንግ» ይሉን እንደነበር ያስታውሳሉ? አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። እኔ ምትሃት ይመስለኝ ነበር። ለካ በጃንሆይ ጊዜ ስሙኒው መጀመሪያ ክብ ነበር። በመጠኑ ከሽልንጉ ጋር ስለተቀራረበ ነው ኋላ ጠርዙን እንደ አበባ ቅጠል ሞገድ ሞገድ ያደረጉት። እህቴ ሆይ፣ ያን ሞገድ በጣትሽ ዳብሺው።

ሽልንጉን ደግሞ አውጪው። የንጉሡ ምስል ያለበትን፣ በጀርባው አንበሳ ያለውን። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ፲፱፻፴፮ ይላል። በፈረንጅ 1944 መሆኑ ነው። ያ ሽልንግ ብር ነው አባባ፤ መጀመሪያ የወጣው 80 በመቶ ብር ነበረው። የመጀመሪያዎቹ የተቀረጹት ደግሞ እዚህ አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ በሚገኘው የመንግሥት ሳንቲም መቅረጫ ነው። ይህን ሳውቅ ቁጭ ብዬ የ1964ቱን አላዴን ገልብጬ አየሁት። ዴንቨር የተሠራው «ዲ» የምትል ፊደል አለችው። የእኔ ፊደል የለውም። የፊላደልፊያ ነው ማለት ነው። እነዚያ ሽልንጎችና የእኔ አላድ የወጡት ከአንድ ሕንፃ ነው። መቅረጫው ከ1901 እስከ 1969 እዚያው ነበር።

እኔ እዚህ መጥቼ በባንክ መስኮት የምፈልገው ነገር፣ የእርስዎ ሣጥን ውስጥ ኖሯል።

አንድ ነገር አደራ። ሳንቲሞቹን በአመድም፣ በሎሚም፣ በሳሙናም እንዳታሹዋቸው። የጠቆረው ይጥቆር። የታሸ ሳንቲም ፊቱ ይጫራል፤ ሰብሳቢ አይፈልገውም። አንጥረኛ መጥቶ በሚዛን ልግዛችሁ ቢልም እሺ እንዳይሉ። ገንዘብ ከቸገረ ለእኔ ይንገሩኝ፤ እኔ እልካለሁ።

እህቴ ሽልንጉን መስኮት አጠገብ በጠርዙ ታቁመውና በስልክ ፎቶ ታንሳልኝ። ጠርዙንም፣ ቁጥሩንም። በቅርቡ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው አለ። የ1964ቱን በጨርቅ ጠቅልዬ እሰጠዋለሁ። ሲደርስዎ መጀመሪያ መብራት ሳያበሩ በጣትዎ ይዳብሱት። ከዚያ ከሽልንጉ ጎን ያስቀምጡልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ስሙልኝ።

ናፋቂ ልጅዎ